ሰባቱ ተፊዎች

ቺሪፑኪዮ፣ ሜይ 12 ቀን 1997

ለአክስቴ ለዶኛ ሳቱርኒና፣ ካሉበት ከጄኖቫ ከተማ ይድረስ፤

አክስቴ፣ እንዴት ነዎት? እንዴት ከረሙ? ባሕሩስ? የሚያስታምሟት አሮጊትስ እንዴት ናት? እኔ ከአምላክና ከተራሮቻችን በታች ደህና ነኝ። እውነቱን ለመናገር ከደህናም በላይ ነኝ፤ ሰው ዓይን እንዳያገባብኝ ብዬ ነው ዝቅ አድርጌ የምነግርዎ። ጽሕፈቴን አይፍረዱበት። አራተኛ ክፍል ላይ ከመምህሩ ጋር አልተስማማንም፤ ከሁለት አንዳችን መሄድ ነበረብን፤ እሱ ደሞዝ ስላለው እኔ ሄድኩ።

ልጁን ዊልበርን ከብቱን እንዲጠብቅ ወደ ተራራው ላኩልኝ ያሉት መልእክት ሲደርስ ቤታችን ግራ ተጋባ። እናቴ ሦስት ጊዜ አስነበበችው። የአባቴ አያትና የእርስዎ አያት ወንድማማቾች ነበሩ ከማለት ሌላ ዝምድናችንን በቅጡ የሚያስረዳኝ ሰው አላገኘሁም። እርስዎንም አይቼዎት አላውቅም፤ ካየሁም ሕፃን ሆኜ ነው። "ስንት ቁም ነገረኛ ዘመድ እያላት አንተን? ለምን አንተን?" አለች እናቴ። ምን ግራ ያጋባታል፤ ጎበዝ ስለፈለጉ ነዋ።

ስደርስ ወንድምዎ ዶን ታዴዎ የሉም። ጉልበታቸው ስለከዳቸው ከሦስት ቀን በፊት ከተማ ልጃቸው ጋ ወርደዋል። የተዉልኝ በድንጋይ የተደገፈ በርና አስራ አራት አልፓካ ነው። አስራ አራቱም ሴት። ከእኔ በቀር ወንድ የሚባል በግቢው የለም።

አክስቴ፣ እኔ የበቆሎ አገር ልጅ ነኝ። ላም አውቃለሁ፣ በግ አውቃለሁ፣ አህያ ራሷ ትፈራኛለች። አልፓካ ማለት አንገቱ የረዘመ በግ ነው ብዬ ነው የወጣሁት። የመጀመሪያው ቀን ጠዋት በረቱን ስከፍትላቸው አስራ አራቱም ተከታትለው ወደ አንድ ጥግ ሄዱና በየተራ እዚያችው ቦታ ላይ በጠጣቸውን ጥለው ተመለሱ። አንዷ እስክትጨርስ ሌላዋ ትጠብቃለች። እኛ ሰፈር ሰው እንኳ እንዲህ ወረፋ አይጠብቅም። ተመርዘዋል ብዬ ጨው በጥብጬ ላጠጣቸው ስታገል፣ ከምንጩ ማዶ ያሉት ጎረቤታችን ዶን ሜልቾር ቁጭ ብለው ያዩኝ ነበር። ሲበቃቸው መጡና ሽንት ቤታቸው ነው አሉኝ፤ ሁልጊዜም እንዲህ ናቸው።

በሦስተኛው ቀን ሁለት ጆንያ ድንች ከማሳ ላመጣ ትልቋን ቡናማ ጫንኳት። ተንበረከከች። ጆሮዋን ወደ ኋላ ጣለች። ከዚያ ፊቴ ላይ አረንጓዴ ነገር ተፋችብኝ። በሕይወቴ ብዙ ነገር ሸትቶኛል፤ እንደዚህ ያለ ግን አልገጠመኝም። ዶን ሜልቾር የሚጫነው ላማ የሚባለው ትልቁ ዘመዷ ነው፣ አልፓካ የምትረባው ለፀጉሯ ነው አሉኝ፤ አልፓካ ስትጫን በሰባ ዓመታቸው ያዩት ገና ያን ቀን ነው።

ቀኑን ሙሉ ደግሞ አፋቸውን ሳይከፍቱ እምምም ይላሉ። ደስ ብሏቸው ይሁን ከፍቷቸው አይታወቅም። አንዳንዴ እኔም መልሼ እምምም እላቸዋለሁ። ያኔ ዝም ብለው ያዩኛል።

አንድ ነገር ግን ዶን ሜልቾር ሳይስቁ ነገሩኝ። የምንጩ ጨፌ የእርስዎ ሆኖ የሚቆየው በየዓመቱ ከጾሙ በፊት ካርኒቫል የሚባለው በዓል ሲደርስ በበረትዎ ግልገል ከተገኘ ነው። ግልገል የሌለው በረት ጨፌውን ይቀማል፤ የመንደሩ ማኅበር ለሌላ ይሰጠዋል። ጨፌው ከሄደ በደረቁ ወራት የሚጋጥ ሣር የለም፣ ከብቱ ያልቃል፣ ጎጆው ይዘጋል። አይስጉ። ዊልበር እያለ በረትዎ ግልገል አያጣም።

እንዳልረሳው፣ ጣሊያን አገር ጥሩ የቆዳ ጃኬት አለ ይላሉ። ጥቁር ቢሆን፣ ዚፕ ያለው። ጥቁር መነጽርም ቢታከልበት አልጠላም። ሞተርሳይክሉን እኔው ራሴ እገዛዋለሁ፣ እርስዎ አይቸገሩ።

የቺሪፑኪዮ ፑማ፣ የተራራው አንበሳ፣
ዊልበር

*

ጄኖቫ፣ ጁን 20 ቀን 1997

ለልጄ ለዊልበር፤

አምላክ ከክፉ ይጋርድህ፤ እመ ምድርም በረገጥክበት ታጽናህ። ጤናህ እንዴት ነው? እኔ ደህና ነኝ። አሮጊቷም ደህና ናት፤ ስሜን እየረሳች በሟች እህቷ ስም ትጠራኛለች፣ እኔም አቤት እላታለሁ።

ደብዳቤህ ትናንት ደረሰኝ። ወጥ ቤት ቆሜ አነበብኩት። ስቄያለሁም፣ ፈርቼያለሁም። ጨው አታጠጣቸው። አትጫናቸው። አታሩጣቸው። ከሁሉ በላይ ደግሞ ወንድ እንዳታስገባባቸው።

ይህንን በደንብ ስማኝ። ባለፈው ካርኒቫል ጊዜ ታዴዎ ወደ ዶን ሜልቾር ወንድ አልፓካ ወስዷቸው ነበር። እኛ ዘንድ እንዲህ ነው፤ ወንዱ ሁልጊዜ ለብቻው ይኖራል፣ ሴቶቹ በወቅታቸው ይወሰዱለታል። ግን ጉልበቱ ስለከዳው የወሰደው ሰባቱን ብቻ ነው፤ ሰባቱ ቀሩ። የትኞቹ እንደሄዱ እኔ አላውቅም፣ እሱም ረስቷል። አልፓካ ግን ራሷ ትናገራለች። ባዶዋ ወንድ ሲመጣ ትንበረከክለታለች። ያረገዘችው ትተፋበታለች፣ ትሸሸዋለች። ወንድ ላይ ስትተፋ ያየሃትን ሴት እንደ እንቁላል ያዛት። አልፓካ የምትወልደው ካረገዘች ዓመት ሊሞላት ጥቂት ሲቀር ስለሆነ፣ ለሚመጣው ካርኒቫል የሚደርሱልን እነሱ ብቻ ናቸው።

ጆሮዋ የተሰነጠቀው ዳለቻ እንዴት ናት? ስለ እሷ ምንም አልጻፍክልኝም።

አሮጊቷ የአልፓካ ነው የምትለው ሻርፕ አላት። ማንም ሳያየኝ አሸተትኩት። ምንም አይሸትም።

ጃኬቱን ዋጋውን እጠይቃለሁ።

በርህ በሰላም ይከፈት፣ በሰላም ይዘጋ፤
ሳቱርኒና

*

ቺሪፑኪዮ፣ ጁላይ 28 ቀን 1997

ለምወድዎ አክስቴ ለዶኛ ሳቱርኒና፤

ጤናዎ እንደ ድንጋይ ይጽና። መልስዎ ገና አልደረሰኝም፤ ፖስታ የሚያመጣው የእሑዱ መኪና መንገድ ላይ ተበላሽቷል ብለዋል። ምንም አይደል። አሁን የምጽፍልዎ ነገር እስከሚደርስዎ ብቻ ነው የቸኮልኩት፣ ምክንያቱም ደስ ይልዎታል።

ዶን ሜልቾር ላማዎቻቸውን ጭነው በቆሎ ሊለውጡ ወደ ታች ከወረዱ አምስት ሳምንት አለፋቸው። የሚስቅብኝ የለም ማለት ነው። የሚመክረኝም የለም፤ እኔ ደግሞ መካሪ አልፈለግሁም።

ቁጭ ብዬ አሰብኩ። ግልገል ያለ ወንድ አይመጣም። ይህንን ለማሰብ አምስተኛ ክፍል መግባት አያስፈልግም። ስለዚህ የማኅበሩ ሊቀመንበር ጋ ሄድኩ፤ ዶን ኤርሞኼኔስ ይባላሉ፣ ሳያውቋቸው አይቀሩም። ጥቁር ወንድ አልፓካቸውን አዋሱኝ። ምን የመሰለ ወንድ መሰለዎት። አካሄዱ ራሱ እኔን ይመስላል።

በረቱ ውስጥ ለቀቅኩት። ሰባት ሴቶች ወዲያው ተንበረከኩለት፤ እሱም ከጉሮሮው እያጉረመረመ ሥራውን ያዘ፤ አንዷ ላይ ግማሽ ሰዓት ይቆያል፣ ሌሎቹ ተኝተው ተራ ይጠብቃሉ። የቀሩት ሰባቱ ግን ምን ሆኑ አይሉኝም? ገና ሲያዩት ጆሯቸውን ጥለው ይሸሻሉ፣ ሲደርስባቸው ይተፉበታል። ዛሬ አስገባው፣ ይተፋሉ። ነገ አስገባው፣ ይተፋሉ። ወር ሙሉ። እኔ ሴትን በተመለከተ ሦስት መንደር ይመሰክርልኛል፤ እንዲህ ወር ሙሉ እምቢ ያለች ግን በጆሮዬም አልሰማሁም።

ላም ብትሆን በየሦስት ሳምንቱ ትፈልግ ነበር። ያረገዙ ናቸው እንዳልል ደግሞ በግቢው ወንድ አልነበረም። ነገሩ ሲዞርብኝ ሰነበተና በመጨረሻ ገባኝ፤ መካኖች ናቸው። ዶን ኤርሞኼኔስ ወንዳቸውን ሊወስዱ መጥተው አዩአቸው። ብዙም አልተናገሩ። "ወንድ ላይ የምትተፋ ሴት ምን ትረባሃለች?" ብቻ አሉኝ።

እዚህ ላይ ነው እንግዲህ የእኔ ብልጠት። ሰባት ነጫጭ የአልፓካ ሙክቶች እንዳሏቸው አውቃለሁ፤ ፀጉራቸው መሬት ይጠርጋል። ሰባቱን መካን ይውሰዱና ሙክቶቹን ይስጡኝ አልኳቸው። እምቢ አሉ። ባርኔጣቸውን አውልቀው ራሳቸውን አከኩ። ሚስቴ ትቆጣኛለች አሉ። እኔ ግን አልለቀቅኳቸውም፤ ምላሴን ያውቁታል። አመሻሹ ላይ ተሸነፉ። የኮካ ቅጠል ተለዋወጥን፣ የሸንኮራ አረቄ ለምድር ረጭተን ቀሪውን ጠጣን፣ አበቃ። ከብቱን ሲነዱ ፊታቸው ያዘነ ሰው ፊት ነበር። አንጀቴን በሉኝ መሰለዎት? በፍጹም። ሊቀመንበር ያሞኘሁ ሰው ነኝ።

ከሰባቱ አንዷ፣ ጆሮዋ የተሰነጠቀ ዳለቻ፣ ከሁሉም የባሰች ተፊ ነበረች። ስትሄድ ዞራ ዞራ ታየኝ ነበር። ምን እንደፈለገች አልገባኝም።

ስለ ጃኬቱ ይቅር። ካሜራ ቢልኩልኝ ግን ሙክቶቹን አንስቼ እልክልዎ ነበር። ሲያዩዋቸው ያለቅሳሉ።

ሊቀመንበሩን የጣለው፣
ዊልበር

*

ቺሪፑኪዮ፣ ኦገስት 12 ቀን 1997

ለአክስቴ፤

ጤና ይስጥልኝ። እኔ ደህና ነኝ።

የጁን ወር ደብዳቤዎ እሑድ ደረሰኝ። አነበብኩት። ከዚያ ደግሜ አነበብኩት። ከዚያ የጻፉትን ለሙክቶቹ ጮክ ብዬ አነበብኩላቸው፣ እኔ ተሳስቼ ከሆነ ብዬ።

አክስቴ፣ ጁላይ 28 የጻፍኩት ደብዳቤ ከደረሰዎት አይክፈቱት። ከከፈቱት አያንብቡት። ካነበቡት ቀልድ ነው። እዚህ ብርዱ ከባድ ነው፤ ሰው ብርድ ሲበዛበት የማይሆን ነገር ይጽፋል።

ብርዱ በጣም ከባድ ነው። ንፋስም አለ። ሰማዩ ግን ጥርት ያለ ነው። በጄኖቫስ ንፋስ አለ?

አክባሪዎ፣
ዊልበር

*

ጄኖቫ፣ ሴፕቴምበር 16 ቀን 1997

ልጄ ዊልበር፤

ከፈትኩት።

ከሰባቱ አንዷ ጆሮዋ የተሰነጠቀው ዳለቻ ናት ብለሃል። ዞራ ዞራ ታየኝ ነበር ብለሃል። እውነት ነው? ይህንን ብቻ መልስልኝ።

አምላክ ልብ ይስጥህ። ለእኔም ይስጠኝ።

ጃኬቱን ገዝቼው ነበር። መሳቢያ ውስጥ ነው።

ሳቱርኒና

*

ቺሪፑኪዮ፣ ኖቬምበር 2 ቀን 1997

ለተከበሩ አክስቴ ለዶኛ ሳቱርኒና፤

እንደምን ሰነበቱ ለማለትም አፈርኩ፤ ግን እንደምን ሰነበቱ? አምላክ ያክብርዎ፣ ትዕግሥቱንም ያብዛልዎ።

እውነት ነው። ዳለቻዋ ሄዳለች።

የጁኑ ደብዳቤዎ በደረሰኝ ማግስት ሙክቶቹን ነድቼ ኤርሞኼኔስ ጋ ሄጄ ነበር። ከአሁን በኋላ ዶን አልለውም። ደጁ ላይ ቁጭ ብሎ ገመድ ይገምዳል። ተሳስቻለሁ፣ ከብቱን መልስልኝ አልኩት። ገመዱን አላቆመም።

"ዊልበር፣ አረቄውን ጠጥተናል አይደል?" አለኝ።

"ጠጥተናል።"

"እሱን መልስልኝና ከብቱን እመልስልሃለሁ።"

ሚስቱ ከውስጥ ሆና ስትስቅ ይሰማኛል። ሰባቱ ሴቶች በረቱ ውስጥ ናቸው፤ ሆዳቸው ከጎን ወጥቷል፤ አሁንማ ዓይነ ስውርም ያየዋል። ዳለቻዋ ስታየኝ ወደ አጥሩ መጣችና እምምም አለች። ሙክቶቹን መልሼ ነዳሁ።

ዶን ሜልቾር በቆሏቸውን ጭነው ሲመለሱ ሁሉን ነገርኳቸው። መጀመሪያ እስኪቀመጡ ድረስ ሳቁ። ከዚያ ሳቃቸው ቆመ። ሰባቱን በእርሳቸው ወንድ እንዳስጠቋቸው ያውቁ ከነበረ ለምን እንዳልነገሩኝ ጠየቅኳቸው። አልጠየቅከኝም አሉ፤ ሁሉን ለሚያውቅ ሰው ምን ይነገረዋል አሉ።

እኔጋ የቀሩት ሰባቱ የጥቁሩን ፅንስ ይዘዋል፤ የሚወልዱት ግን በጁን ውርጭ ነው። ካርኒቫል ፌብሩዋሪ ላይ ነው። ያኔ በእርስዎ በረት አንድ ግልገል የለም። ጨፌው ከምንጩ በታች ከኤርሞኼኔስ መሬት ጋር ይዋሰናል። ይህንን ደግሞ እኔ ሳልሆን ዶን ሜልቾር ናቸው ያሰቡት፤ ሰውዬው የፈለገው ሰባት ከብት ብቻ አልነበረም።

አሁን ግን መልካሙን ወሬ ይስሙ። ዶን ሜልቾር አንድ ነገር ጠየቁኝ። "አንተ እዚያ ምንድን ነህ? እረኛ ነህ ወይስ ባለቤት?" እረኛ ነኝ አልኳቸው፤ ከብቱ የአክስቴ ነው። እንግዲያማ ተርፈሃል አሉኝ። በእኛ ደንብ እረኛ የሰው ከብት አይለውጥም፤ ቢለውጥም ውሉ ውል አይደለም፣ አረቄም ኮካም አያጸናውም። ማኅበሩ ያፈርሰዋል። እረኛው ይቀጣል፣ ከብቱ ግን ወደ ባለቤቱ ይመለሳል። ስብሰባው ጃንዋሪ 11 ቀን ነው።

ስለዚህ አክስቴ፣ ጃኬትም ካሜራም ይቅርብኝ። የምለምንዎ አንድ መስመር ነው። ወረቀት ላይ ይጻፉልኝ፤ ከብቱ የእኔ ነው፣ ዊልበር እረኛዬ ነው ይበሉ፤ ከሥሩ ይፈርሙበት። ይህቺን ከላኩልኝ ቀሪውን እኔ እጨርሰዋለሁ።

ዊልበር

*

ጄኖቫ፣ ዲሴምበር 3 ቀን 1997

ለልጄ ለዊልበር፤

የሁለት ምድር አምላክ፣ የዚህኛውም የዚያኛውም፣ ካንተ አይለይ።

የለመንከኝን መስመር ልጽፍ ሦስት ጊዜ ተቀመጥኩ። አልቻልኩም። ከብቱ የእኔ አይደለም። ያንተ ነው።

ሦስት ዓመት ሲሞላህ ፀጉርህን ሊያስቆርጡህ ወደ ቺሪፑኪዮ አምጥተውህ ነበር። የመጀመሪያዋን ጉንጉን የቆረጥኩት እኔ ነኝ። እንደ ወጉ አንዲት ሴት ግልገል ሰጠሁህ፤ ዳለቻ ነበረች። እናትህ የሰው ቤት እያገለገለች ስለነበር አልመጣችም፤ አባትህም ለሷ የነገራት አልመሰለኝም። ለሕፃን የተሰጠች እሷም ልጆቿም የልጆቿም ልጆች የሕፃኑ ናቸው። አንተ ሸለቆ ወረድክ፤ ያንተ ከእኔ ከብት ጋር ቀረች። በአራተኛው ዓመት ትልቁ በረዶ ወረደ። ሠላሳ ሁለት አልፓካ ነበረኝ። ስድስት ቀን በረዶውን በሰሃን እየዛቅሁ ሣር ፈለግሁላቸው። የእኔ ሁሉም አለቁ። የተረፉት አራት ናቸው፤ አራቱም የዳለቻዋ ዘር፤ ጆሮዋ የተሰነጠቀውም ከዚያው ዘር ናት። በረዶው እንዴት እንደመረጠ አላውቅም።

ከዚያ ወዲህ ስጠብቅ የኖርኩት ያንተን ነው። በእኔ ስም አንድ የከብት ጆሮ የለም። ሰው ሃምሳ ዓመት ሲሞላው በስሙ አንድ ጆሮ ከሌለ የሰው አገር ቢሄድ ምን ይባላል?

ያልነገርኩህ አባትህን ስላየሁት ነው፣ ነፍሱን ይማረውና። እሱ የራሱን ድርሻ በአንድ ቅዳሜ ለአሮጌ መኪና ለወጠው። አንተን መጀመሪያ አንድ ዓመት ከነሱ ጋር ዋል፣ ተተፋብህ፣ እወቃቸው ብዬ ነበር። ካርኒቫል ሲደርስ ልነግርህ ነበር። ልጁ ሲጎለምስ በገዛ እጁ የራሱን ቀለም ክር ጆሯቸው ላይ ያስራል፤ ያኔ ይረከባቸዋል። እስከዚያ በእኔ ቀይ ክር አቆይቻቸዋለሁ።

አሁን ግን ምን እንዳደረግሁ አልገባኝም። እውነቱን ብጽፍ ባለቤት ነህ፣ ባለቤት ደግሞ የለወጠው ተለውጧል። ሐሰት ብጽፍ ከብቱ ይመለሳል፤ እኔ ግን ሐሰት ላይ አልፈርምም። ላንተ ያቆየሁት ስጦታ ራሱ አንገትህን ያዘህ። መካሪ ነኝ ልልህ አልችልም። ግራ ገብቶኛል፤ ይህንን ያህል ነው የማውቀው።

ይቅር በለኝ፤
ሳቱርኒና

*

ቺሪፑኪዮ፣ ፌብሩዋሪ 26 ቀን 1998

ለአክስቴ ለዶኛ ሳቱርኒና፤

ሰላምታዬ ተራራውን ወጥቶ ባሕሩን ተሻግሮ እግርዎ ሥር ይድረስ። ጤናዎ እንዴት ነው? አሮጊቷስ?

ደብዳቤዎ የደረሰኝ ቅዳሜ ነው፣ የስብሰባው ዋዜማ። መስመሯን አገኘሁ ብዬ እየሮጥኩ ከፈትኩት። ካነበብኩ በኋላ ምን እንደሆንኩ ልነግርዎ አልችልም። ባለ አስራ አራት አልፓካ ሆንኩ፤ በዚያው ቅጽበት ባለ ሰባት ሆንኩ። ልደሰት ስል እበሳጫለሁ፣ ልበሳጭ ስል እንባዬ ይመጣል። ስምንት ወር ሙሉ የእርስዎን ከብት እየጠበቅሁ ውለታ የዋልኩልዎ መስሎኝ ስኮፈስ፣ ለካ አስራ አራት ዓመት የእኔን ሲጠብቁ የኖሩት እርስዎ ነዎት። ደብዳቤውን አጥፌ ደረት ኪሴ ውስጥ ከተትኩት። ለዶን ሜልቾርም አልነገርኳቸውም።

ስብሰባው ትምህርት ቤቱ ግቢ ነበር፤ አርባ ሰው ይሆናል። ጉዳዩ የሊቀመንበሩ ስለሆነ ወንበሩን ለቀቀና በዕድሜ ታላቋ ዶኛ ኢላሪያ ተቀመጡበት። ዶን ሜልቾር ነገሩን አስረዱ፤ ልጁ እረኛ ነው፣ ውሉ ይፍረስ አሉ። ሰዉ ራሱን ነቀነቀ። አለቀ ብዬ ነበር።

ኤርሞኼኔስ ተነሣ። ሳቁ ፊቱ ላይ ነው። ይሄ ልጅ እረኛ አይደለም አለ። ፀጉሩ ሲቆረጥ እዚያ ነበርኩ፣ ቅማሉን ሁሉ አስታውሳለሁ፣ ሳቱርኒና ዳለቻ ግልገል ስትሰጠው በዓይኔ አይቻለሁ፤ በረዶው የተወው የሷን ዘር ብቻ መሆኑን ይህ አገር ሁሉ ያውቃል። የራሱን ከብት በራሱ ምላስ ለወጠኝ፣ ምኑ ይፈርሳል? አለ። ሽማግሌዎቹ እርስ በርስ ተያዩ። አንድ ሁለቱ እውነት ነው አሉ።

ያኔ ዶኛ ኢላሪያ ጠሩኝ። እፍኝ አፈር በእጄ አስያዙኝ።

"አፈር ይዘህ ተናገር። በገዛ እጅህ ክር አስረህባቸው ታውቃለህ?"

"አላውቅም፣ እማማ።"

"ክር ያላሰረ ገና እረኛ ነው። ግን ስማኝ። በሚመጣው ካርኒቫል ክርህን ልታስር ካሰብክ ከብቱ ዱሮም ያንተ ነበር፣ ውሉ ጸንቷል። የማታስር ከሆነ የአክስትህ ነው፣ ውሉ ፈርሷል። ዛሬ ተረክበህ ነገ አልተረከብኩም የሚባል የለም። ታስራለህ ወይስ አታስርም?"

አክስቴ፣ እኔ ዝም ብዬ አላውቅም። ያን ቀን ዝም አልኩ። ደብዳቤዎ ደረቴ ላይ ይሰማኛል። አስራለሁ ብል ሰባት ሴት በስሜ ይቀራሉ፤ ጨፌው ግን ይሄዳል፣ ከጨፌው ጋር እነሱም ያልቃሉ። አላስርም ብል ሁሉም ይተርፋሉ፣ አንዷም የእኔ አትሆንም። ከኋላዬ አንዱ "ምላሱ ዛሬ የት ሄደ?" ሲል ሰማሁ። ሌላው ሳቀ።

"አላስርም" አልኩ። "የአክስቴ ናቸው። እኔ እረኛ ነኝ። የሰው ከብት ለውጬ ነው የመጣሁት።"

ውሉ ፈረሰ። ኤርሞኼኔስ ሙክቶቹን እየነዳ ሲሄድ አላየኝም። የእኔ ቅጣት ደግሞ ይሄ ነው፤ የጨፌውን ቦይ ከምንጩ እስከ ታች ለብቻዬ እቆፍራለሁ፣ ሦስት ዓመት ደግሞ በስብሰባ ላይ አፌን አልከፍትም። ቦዩን ግማሽ ደርሻለሁ። አፌን መዝጋቱ ይከብዳል።

ሰባቱ በማግስቱ ተመለሱ። ያኔ ወንዱ ላይ ሲተፉ ተቆጥቼ ሳሩጣቸው ከርሜ ኖሮ አንዷ ጨነገፈች። ይህንን ልደብቅዎ አልፈልግም፤ ጥፋቱ የእኔ ነው። ስድስቱ ግን ወለዱ። ሁሉም የወለዱት ጠዋት ነው፣ ፀሐይ ስትሞቅ፤ እንዴት እንደሚያውቁበት አልገባኝም። ዳለቻዋ የመጨረሻ ሆነች። ግልገሏ ሴት ናት፤ እግሯ ከሰውነቷ ይረዝማል፤ በተወለደች በሰዓቱ ተነሥታ ወደቀች፣ ተነሥታ ወደቀች፣ ከዚያ ቆመችና ወደ እኔ መጣች። እናቷ አልተፋችብኝም። የማኅበሩ ሰዎች መጥተው ስድስቱን አዩ። ጨፌው የእርስዎ ነው።

የጥቁሩን ፅንስ የያዙት ሰባቱ ጁን ላይ ሲወልዱ ምን እንደማደርግ ገና እያሰብኩ ነው፤ ዶን ሜልቾር ለውርጩ ጣሪያ ያለው በረት ብትሠራ ይተርፉ ይሆናል ብለዋል። ዘንድሮ ጠይቄያቸዋለሁ።

ማክሰኞ ካርኒቫል ሆነ። ሰው ሁሉ በየበረቱ እየዘፈነ ጆሮ ላይ ክር ያስራል። እኔ ስድስቱን ግልገሎች አጠገቤ ሰብስቤ መርፌና ክር ይዤ ቆምኩ። ክሩ ከየትኛው ቀለም እንደሚሆን የሚያስገድደኝ ሰው አልነበረም፤ ዶን ሜልቾር እንኳ ወደ ምንጩ ዞረው ነበር። አክስቴ፣ ልክ ልሥራ ልሳሳት እስከ አሁን አላውቅም። እርስዎ የሰጡኝን መልሼ መስጠቴ ስድብ እንዳይሆንብዎት እፈራለሁ። ግን አፈር ይዤ የተናገርኩትን ነው ያሰርኩት። ስድስቱንም በቀይ።

ስለዚህ በስምዎ ሃያ ጆሮ አለ። ባለቤት ያለው በረት ነው። ጎጆው ጣሪያውን ከድኜዋለሁ፤ ሁለት ሰው ይበቃዋል። መቼ ነው የሚመለሱት?

እረኛዎ፣
ዊልበር